የአይሮፕላን ጥገና ትምህርት በኢትዮጵያ

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች የአምቦን መንገድ ይዘን ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ገፈርሳን እናልፋለን። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከጅቡቲ ያበረራት ፖቴዝ 25 አይሮፕላን ያረፈችው በዚሁ በገፈርሳ ሜዳ ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጣች የመጀመሪያዋ አይሮፕላን እርሷ ስለሆነች የነጂው ስም በታሪክ ተጽፎ ይኖራል። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ሆኑ። ይሁን እንጂ አይሮፕላን በነጂ ብቻ አትበርም፤ ሞተሯን ፈትቶ የሚገጥም፣ ክንፏን የሚመረምር እጅ ያስፈልጋታል። ይህ እጅ የሌለው አገር አይሮፕላን ቢገዛም ባለቤት ሆነ ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ነገር በጊዜው ሳይታሰብበት አልቀረም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር በአዲስ አበባ አንዲት አይሮፕላን ሠርቶ አበረረ፤ ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ዳሩ ግን ወራሪው ጦር አይሮፕላኗን ወደ ኢጣልያ ወሰዳት። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላን ከብዙ ዘመን በኋላም ቢሆን በርክክብ ይመለሳል፤ የተቋረጠ የእጅ ሙያ ግን እንደ ገና ከሥሩ ካልተጀመረ በቀር የሚመለስበት መንገድ የለውም።

እንደ ገናም ተጀመረ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገው ስምምነት ሲቋቋም፣ ነጂዎቹም መካኒኮቹም የሒሳብ ሹሞቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 የነጂዎች፣ በ1967 የጥገና ባለሙያዎች ትምህርት ቤት በአገር ውስጥ ተከፈተ። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በ1971 ነው። ከዚህ ቅደም ተከተል እንደምንረዳው፣ ኢትዮጵያዊው በመሪነት ወንበር ከመቀመጡ በፊት የመፍቻውን አያያዝ የሚማርበት ቤት ተሠርቶለታል።

የዚህ ትምህርት ጠባይ ከሌላው ለየት ይላል። ተማሪው ፊዚክስና ሒሳብ ይማራል፤ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ፣ ሞተር መፍታት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር መከተል ይለማመዳል። ከሁሉ በላይ ግን የሚማረው ሐቀኝነትን ነው። ሥራው ሲያልቅ የወጣው መሣሪያ ሁሉ ተቈጥሮ ይመለሳል፤ አንዲት መፍቻ ብትጎድል አይሮፕላኑ አይነሣም። የሠራው ሰው በመዝገቡ ላይ ስሙን ይፈርማል፤ መንገደኛው ፊቱን ሳያይ ነፍሱን የሚያምነው በዚያ ፊርማ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምንፈርም እኛ ጸሐፊዎች፣ በየትምህርት ቤቱ የምታስተምሩ እናንተ መምህራን፣ ከዚህ የምንማረው አለ። በእጅ መሥራትን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ገና ጨርሶ አልጠፋም። በሰፈራችን የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጠው ልጅ ሁሉ ነጂ ልሁን ይላል፤ ጠጋኝ ልሁን የሚለውም ሲገኝ፣ ምርጫው ያንኑ ያህል የከበረ መሆኑን ልንነግረው ይገባል።