ቦምብ ጫኞቹ ቀድመው ያውቁ ነበር

ደብረ ዘይት አየር ኃይል ትጥቅ ክፍል ስሠራ፣ ካንቤራ የሚባሉ 4 እንግሊዝ ሠራሽ ቦምብ ጣዮች ነበሩን። አገራችን የተረከበቻቸው በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። እንግሊዞች ደግሞ በዚያው ዓመት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን የደበደቡበትን የቦምብ ጣዮች ዕዝ ከተዋጊዎቹ ዕዝ ጋር ቀላቅለው ስሙን አጠፉት። ስለዚህ ዕዝ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። መጻሕፍቱ አብራሪውን ያወድሳሉ፤ እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ከክንፉ ሥር ወዳሉት ሰዎች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከ1942 መጀመሪያ አንስቶ ዕዙን የመራው አርተር ሃሪስ፣ ሃይ ዊኮም አጠገብ ከመሬት በታች በተሠራው ዋና መምሪያ ጠዋት የአየር ጠባዩን ይሰማና የዚያን ሌሊት ከተማ ይመርጣል። ትእዛዙ ወደ ግሩፖቹ ይወርዳል። አምስተኛው ግሩፕ ሊንከንሻየር፣ አራተኛው ዮርክሻየር ነው የሰፈረው፤ ስድስተኛው የካናዳውያን ነው። ስምንተኛው ቀድሞ ደርሶ ዒላማውን በብርሃን ምልክት ያሳያል፤ መቶኛው የጀርመንን ራዳር ያውካል። ከግሩፕ ወደ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ወደ ስኳድሮን።

አብዛኞቹ በራሪዎች የሚሄዱበትን የሚያውቁት ከበረራው በፊት መግለጫ ሲሰጣቸው ነው። ቦምብ ጫኞቹና ነዳጅ ቀጂዎቹ ግን ቀደም ብለው ይገምቱ ነበር። ላንካስተር የሚሉት ባለ 4 ሞተር አውሮፕላን ታንኩ ሲሞላ 9,800 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሙሉ ነዳጅ ከታዘዘና ቦምቡ ከተቀነሰ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በርሊን ይሆናል። ነዳጁ ትንሽ፣ ቦምቡ ብዙ ከሆነ ቅርብ ያለው የሩር አካባቢ ነው። ይህን ስሌት ያልለመደ የትጥቅ ሰው የትም የለም።

ቦምቡ ከሩቅ መጋዘን በትራክተር እየተጎተተ ይመጣል፤ ከዚያ በእጅ በሚዞር ማንሻ አንድ በአንድ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይሳባል። በረዶ ላይ፣ ነፋስ ላይ ነው ይህ። ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ አየሩ ተበላሸ ተብሎ ጉዞው ይሰረዝና የተሰቀለው እንደገና ይወርዳል። ያን ጊዜ ከአንድ ቦምብ ጫኝ አፍ የሚወጣውን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ጭነቱ በዘፈቀደ አልነበረም። 1,800 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው፣ ‘ኩኪ’ የሚሉት በርሜል መሳይ ቦምብ ጣራና መስኮት ይገነጥላል፤ አብረውት የሚጣሉት ትናንሽ ተቀጣጣዮች ክፍቱን ቤት ያነዱታል። ድብልቁ ከላይ የታዘዘ ነው፤ የሚሰቅለው የእኔ ብጤ ነው። ሐምቡርግ በ1943 በጋ በዚህ ዘዴ ነደደች፤ ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። ‘እኛ የታዘዝነውን ጫንን’ የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ መልስ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ትእዛዝ መሐል ትእዛዝ የሌለበት አንድ ቦታ ነበር፣ ይኸውም የበራሪ ቡድን አመራረጥ። በማሠልጠኛው አብራሪዎችን፣ ናቪጌተሮችን፣ ቦምብ አነጣጣሪዎችን፣ የሬዲዮ ሠራተኞችንና ተኳሾችን አንድ ሐንጋር ውስጥ ይሰበስቡና ‘ተመራረጡ’ ብለዋቸው ይሄዳሉ። ልጆቹ ፊት አይተው፣ አንዳንዴም ሲጋራ ተለኳኩሰው ይጣመራሉ፤ የበረራ መሐንዲሱ በኋላ ይጨመርና 7 ይሆናሉ። ከዚያ 30 በረራ ይጠብቃቸዋል። ‘አልበርም’ ያለ፣ ወኔ ቢስ ተብሎ መዝገቡ ላይ ይጻፍበታል። ወታደር ቤት እንዲህ ያለ የመመራረጥ ፈቃድ ሲሰጥ ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ደግሞም ይሠራ ነበር።

ከዕዙ በራሪዎች 55,573 ሰዎች ሞተዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በሕይወት ለተረፉትና ለሟች ቤተሰቦች ልዩ የሜዳሊያ ምልክት የፈቀደው በ2013 ነው። የተሰጠውም ለበረሩት ብቻ ነው፤ ቦምብ የጫኑትን አይመለከትም።