እቴቴና ሰማያዊው መጉመጥመጫ

ቡናው እስኪፈላ ስሙኝማ። የምነግራችሁ የአክስቴን የድድ ነገር ነው። «ድድ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ማንችስተርንና ዴንማርክን ዞረን፣ በጎንደር አንዲት ጤና ጣቢያ በኩል ነው የምንመለሰው።

አክስቴን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ አምስት ዓመት አለፋቸው። አገር ቤት ጎንደር ሳሉ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት ነው የፈጁት፤ ቁስል ሲያጥቡ፣ መግል ሲያፈሱ፣ ፋሻ ሲጠቀልሉ። የሰው ቁስል ሲያጥቡ የኖሩት እቴቴ የገዛ ድዳቸውን መድማት ለስንት ጊዜ እንደደበቁን እግዜር ይወቀው። ያወቅንባቸው በአምባሻ ነው። የፋሲካ ማግስት ቁርስ ላይ አንድ ጊዜ ገምጠው ወደ ሳህኑ ሲመልሱት፣ ነጩ ላይ የጥርሳቸው ቅርጽ በቀይ ታትሞ ቀረ። ቶሎ ብለው ገለበጡት። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

«ድዴ ነው፤ የቆየ ነው። በጨው እየተጉመጠመጥኩ ነው» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እቴቴ?»

«እንጃ ልጄ። መፋቂያዬን ከተውኩ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም የባሰው።»

ቀጠሮ አስያዝኩና አስተርጓሚ ሆኜ አብሬ ገባሁ።

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ እቴቴ ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። በልጃገረድነታቸው፣ በመርፌና በጥላሸት። ሲስቁ ጥርሳቸው ከጥቁር ሰማያዊው ድድ ሥር በረዶ መስሎ ብቅ ይላል፤ እኛ ቤት ውበት የምንለው እሱን ነው። ጥርስ የምታጥበው ባለሙያ ግን ከንፈራቸውን ገለጥ ስታደርግ ክው አለች። «ይህ ነገር መቼ ጀመራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላቸው እቴቴ አፋቸው እንደተከፈተ ሳቁ። «ከሠርጌ በፊት ነው በላት።»

ነገሩ ግን ለሐኪም ዓይን ቀላል አይደለም። የታመመ ድድ ይቀላል፤ በተነቀሰ ድድ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ያኔ የሚታመነው ደሙ ነው፣ ከደሙ ጋርም ልኩ። ሚሊሜትር የተሰመረባት ቀጭን ብረት በጥርስና በድድ መካከል ቀስ ብላ ትገባለች፤ በየጥርሱ ዙሪያ ስድስት ቦታ። እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። ከዚያ እየጠለቀ ሲሄድና ሲደማ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል ማለት ነው። ባለሙያዋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ረዳቷ ትመዘግባለች። «3፣ 4፣ 5... 4፣ 6፣ 5...» እቴቴ እንግሊዝኛውን ባይዘልቁትም ቁጥሩን ያውቁታል። 6 በተባለ ቁጥር እጄን ጭብጥ ያደርጉታል።

ሐኪሙ ራጁን አሳየን። በሽታው ድዱን አልፎ ጥርስ ተሸክሞ የሚያቆመውን አጥንት መብላት ጀምሯል። የድድ ብግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲጸዳ ጠቅልሎ ይድናል፤ የተበላ አጥንት ግን በጽዳት አይመለስም፤ ባለበት እንዲቆም ነው የሚታገሉለት። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ከድዱ ሥር ያለው ታርታር በሁለት ቀጠሮ ይፋቃል፣ ቀኙ ዛሬ፣ ግራው ከሁለት ሳምንት በኋላ። እስከዚያው ጠዋትና ማታ የሚጉመጠመጡበት መድኃኒት በማዘዣ ተጻፈላቸው።

ከፋርማሲ የወሰድነው ጠርሙስ 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ፈሳሹ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ሰማይ። መኪና ውስጥ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። «ክሎርሄክሲዲን ግሉኮኔት፣ 0.12 በመቶ።»

እቴቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ምን አልክ? ድገመው።»

«ክሎርሄክሲዲን።»

«ሳቭሎን ነዋ! ጠርሙሱ ላይ ስንቴ አንብቤዋለሁ! ስንት ቁስል አጥቤበታለሁ!»

አልተሳሳቱም። በየጤና ጣቢያው በውሃ እየተበረዘ ቁስል የሚታጠብበት ሳቭሎን አንዱ ንጥረ ነገሩ ይኸው ክሎርሄክሲዲን ነው። ሳቭሎን ግን ሴትሪማይድ የሚባል ሌላም ነገር አለበትና ለአፍ አይሆንም፤ ይህን ሰምቶ ማንም ቤቱ ያለውን ሳቭሎን እንዳይጉመጠመጥ አደራ። ለአፍ የሚሆነው ለአፍ ተብሎ የተቀመመው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ አይ.ሲ.አይ. የተባለው ኩባንያ ማንችስተር ላይ በነበረው ላቦራቶሪ ነው። ኬሚስቶቹ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ በዚያ መንገድ ላይ ተህዋስያንን አጥብቆ የሚገድል ሌላ ቅመም አገኙ። ለዓለም ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ይህን ስነግራቸው እቴቴ ዝም አሉ። ጎንደር አጠገብ ያለውን ደንቢያን ባረገፈው ወባ እሳቸው አገር ያልተለቀሰበት ቤት አልነበረም፤ የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተውም ያን እልቂት ተከትሎ በዚያው በ1954 ነው። «እነሱም እኛም ወባ ነው ያስነሳን በለኛ» አሉኝ።

ቤት ስንደርስ ሥርዓቱን ያዝን። በክዳኑ 15 ሚሊ ሊትር መለካት፣ ለ30 ሴኮንድ መጉመጥመጥ፣ መትፋት፤ አለመዋጥ። የመጀመሪያው ማታ ጥርሳቸውን በሳሙና ቦርሸው ወዲያው መጉመጥመጫውን ሊያስከትሉ ሲሉ ያዝኳቸው። የጥርስ ሳሙና አረፋ የሚሠራው ቅመም ክሎርሄክሲዲንን ያዳክመዋል። አፍን በውሃ አጥርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ነው። ድሬሰር ናቸውና አንዴ ከሰሙ አይስቱም፤ ሰዓታቸውን ከመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አድርገው መጠበቅ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ቡና ላይ፣ «ይህ ነገር ለአፍ እንደሚሠራ በምን አወቁ?» አሉኝ። እንግዲህ ወደ ዴንማርክ የምንሄደው አሁን ነው።

ኦርሁስ የምትባል ከተማ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነበራት። ፕሮፌሰር ሃራልድ ሎ የሚባሉ ኖርዌያዊ እዚያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የድድ በሽታ ከምን እንደሚመጣ ክርክር ነበር። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች አሰባሰቡ፦ 9 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ 1 አስተማሪ፣ 2 የላቦራቶሪ ሠራተኞች። ከዛሬ ጀምሮ ጥርሳችሁን አትንኩ ተባሉ። ቡርሽ የለ፣ መፋቂያ የለ።

«በጤነኛ ሰው ላይ?» አሉ እቴቴ፣ ስኒውን ከአፋቸው መልሰው።

በጤነኛ ሰው ላይ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአሥራ ሁለቱም ድድ ታመመ። አንድም አልቀረ። ከዚያ ቦርሹ ተባሉ፤ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ወደነበረበት ተመለሰ። ይህ የታተመው በ1965 ነው። ደዌው እጅ ሲታጠፍ የሚመጣ፣ እጅ ሲዘረጋ የሚሸሽ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1970 ደግሞ ፕሮፌሰሩ ሺዮት ከሚባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሌላ ሙከራ አወጡ። አሁንም ተማሪዎቹ አይቦርሹም፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር፣ 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ይጉመጠመጣሉ። ሳይቦርሹ ከረሙ፤ ጥርሳቸው ላይ ግን ቆሻሻው ሳይጋገር፣ ድዳቸውም ሳይታመም ቀረ።

ምስጢሩ መጣበቁ ነው። ሌላው መጉመጥመጫ ከተተፋ በኋላ ብዙ አይቆይም። ይህኛው ግን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ አሉታዊ ሙል ያላቸውን የጥርስ ገጽና የአፍ ሥጋ ሙጥኝ ይላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እየለቀቀ ለሰዓታት ይሠራል። ጠዋትና ማታ መባሉም ለዚህ ነው።

ይህን መናገሬ ጣጣ አመጣ። ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቀነሰላቸው። አምባሻው ነጭ ሆኖ መውጣት ጀመረ። እቴቴም «እንግዲህ ለግራው ቀጠሮ ምን እንሠራለን? ልጆቹ እንኳ ሳይቦርሹ ከርመው የለ? በመድኃኒቱ እቀጥላለሁ» አሉ። የመፋቂያው ብረት አሳምሟቸዋል፤ እውነት ለመናገር ገንዘቡም ቀላል አልነበረም፣ ልጃቸው ከኪሷ ነበር የምትከፍለው። የፈሩት ለእሷ ጭምር ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። የኦርሁስ ተማሪዎች የጀመሩት ከጸዳ ጥርስና ከጤነኛ ድድ ነው። መድኃኒቱ ንጹሕ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው እንጂ ገብቶ የተቀመጠውን ጎትቶ አያስወጣም። ኪሱ ሲጠልቅ መጉመጥመጫው ወደ ታች አይዘልቅም፤ ታርታሩንም አያሟሟም።

ይህን ከሁሉ በፊት ያየው ሐኪም አልነበረም፤ በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ የሚኖር ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሌንስ የሚስለው በገዛ እጁ ነበር። ጥርሱን ሁልጊዜ ጠዋት በጨው ይፈትግ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በጥርሶቹ መካከል የቀረችውን ነጭ ነገር በሌንሱ ሲያይ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሲርመሰመሱባት አገኘ። በመስከረም 1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። እዚያ ላይ አልቆመም። ነጩን ነገር አውጥቶ ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቅለው ፍጥረታቱ ሞቱ። በኮምጣጤ ተጉመጥምጦ ሲያይ ግን ከጥርሶቹ መካከል በወጣው ቆሻሻ ውስጥ በሕይወት አሉ። ኮምጣጤው ከላይ ያሉትን ገደለ፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

እቴቴ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቆዩ። ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ አንዴ አዞሩት። ከዚያ የሚከተለውን ነገሩኝ፤ እኔ ካወራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ገበሬ እግሩን ዶማ መትቶት ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ከዚያ በፊት ቤቱ ውስጥ ጂቪ የሚባለውን የቁስል መድኃኒት ቀብቶታል። ቁስሉ ከላይ ደርቋል፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ያምራል። እቴቴ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ሰውየው ጮኸ። ከፈቱት፤ ከሥር አፈር፣ የጭድ ስባሪ፣ መግል። ጭዱን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እየለቀሙ አወጡ። «ያን ቀን ገበሬውን 'ሳይታጠብ መድኃኒት የሚቀባው ማነው?' ብዬ ተቆጣሁት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ቀጠሮው መቼ ነው ያልከኝ?»

ሄድን። ባለሙያዋ ግራውን ከመፋቋ በፊት ለካችው። ድዱ ከላይ ሲታይ ረግቷል፤ ብረቷ ወደ ታች ስትገባ ግን ደሙ አሁንም መጣ። ፈቀችው። ከሥር የወጣው ታርታር ጥቁር ነበር፣ የምጣድ ጥላሸት የመሰለ። እቴቴ አሳዩኝ ብለው ጨርቁ ላይ ያለውን ለረጅም ጊዜ አዩት። እንደ ድሬሰር ነው ያዩት።

የመድኃኒቱንም ጉዳት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ፋርማሲ ሲሰጥ በፍጥነት የሚታለፍ ነገር ነው። የፊት ጥርሳቸውና ምላሳቸው ወደ ቡናማ አደላ። ክሎርሄክሲዲኑ እንደሚጣበቀው ሁሉ የቡናና የሻይ ቀለምንም አብሮ ያጣብቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚጠጡ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቡናውን መተው የማይታሰብ ስለሆነ ከመጉመጥመጫው አርቀው ወደ ቀትር ወሰዱት። ባለሙያዋም ኋላ ላይ ቀለሙን ቦርሻ አነሳችው። ታርታር የመጋገሩን ፍጥነትም ይጨምራል፤ ስለዚህ የዕድሜ ልክ መጠጊያ አይደለም፣ ሐኪም ላለው ጊዜ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከባድ አለርጂ ያስነሳል፤ ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ማቆምና ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

ሁላችንን ያስቸገረን ግን የጣዕሙ ነገር ነበር። ክሎርሄክሲዲን የጨውንና የመራራን ጣዕም ያደበዝዛል። እቴቴ ይህን አላስተዋሉም። ወጡን ይቀምሳሉ፣ አልጫ ይሆንባቸዋል፣ ጨው ይጨምራሉ። በዚያ ሁለት ሳምንት የበላነው ሽሮና ምስር እንደ አሞሌ ነበር። ልጃቸው ውሃ በማሰሮ እያቀረበች፣ እኔ እንጀራውን እያበዛሁ ጨረስነው። ማንም ትንፍሽ አላለም። አገር ቤት ትተውት ከመጡት ሁሉ የቀራቸው እጃቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ጨው በዛበት ማን ይበላቸው?

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል መጉመጥመጡ ቆመ። እቴቴ ወደ ቡርሻቸው፣ በጥርስ መካከል ወደምትገባው ትንሿ ቡርሽ፣ ከአገር ቤት ወደተላከላቸው የወይራ መፋቂያ ተመለሱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተለኩ። «3፣ 2፣ 3... 3፣ 4፣ 3...» አንድ ቦታ ላይ 5 ተባለ፤ እጄን ጨበጡት። 6 ግን አልተጠራም። «የደማው ስንት ነው በላት» አሉኝ። ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ማታ ደክሟቸው ስለነበር ልጃቸው ከፍሪዘር ምስር ወጥ አውጥታ አሞቀች። በሰማያዊው መጉመጥመጫ ሰሞን የተሠራ መሆኑን ልብ አላለችም። እቴቴ ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ማኘካቸውን አቆሙ። ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ሕፃናቱ አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ነው ዝም ብላችሁ የበላችሁት?»