የማጨት ቃልና የጋብቻ ቃል ኪዳን

በነቀምቴ ከተማ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈርም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች፣ ሽማግሌ ተልኮ ልጅቱ ከታጨች በኋላ ቃሉ ቢፈርስ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ልጅቱ ሌላ ብታገባ ኃጢአት ይሆንባታልን? የቀድሞው እጮኛዋስ በእርስዋ ላይ መብት አለውን? ነገሩ የሁለት ቤተሰቦችን ሰላምና የአንዲትን ልጅ ዕድል የሚነካ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከታሪክ ልንፈልግ ወደድን።

በጥንቱ የአይሁድ ሕግ የታጨች ሴት ወደ ባልዋ ቤት ሳትገባም እንደ ሚስት ትቈጠር ነበር። ዮሴፍ እመቤታችንን በስውር ሊተዋት ማሰቡን የማቴዎስ ወንጌል የሚነግረን ስለዚህ ነው፤ እጮኝነት የሚፈርሰው በፍች ነበርና። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ692 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተደረገው ጉባኤም፣ እጮኛዋ በሕይወት ሳለ የታጨችን ሴት ያገባ ሰው እንደ አመንዝራ ይቈጠር ሲል ወሰነ። ኢትዮጵያ ግን ከኬልቄዶን ጀምሮ የተደረጉትን የግሪኮች ጉባኤያት ስላልተቀበለች፣ ይህ ውሳኔ አላሰራትም። በምዕራብም በ12ኛው መቶ ዓመት ጴጥሮስ ሎምባርድ «አገባለሁ» የሚለውን የተስፋ ቃል አሁን ከሚሰጠው የጋብቻ ፈቃድ ለየው፤ ጋብቻን የሚያቆመው ሁለተኛው ነው ሲል አስተማረ።

በአገራችን ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ማጨትም ስለ ጋብቻም ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ስፍራ ቢያኖራቸውም አንድ አላደረጋቸውም። ማጨት ለሚመጣው ጋብቻ የሚሰጥ ተስፋ ነው፤ ጋብቻው የሚጸናው ግን በካህናት ጸሎት ነው።

ወደ ወለጋ ስንመለስ፣ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጁት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብተው ሲያስተምሩ፣ አገሩ የራሱ የማጨት ሥርዓት ነበረው። ሽማግሌ ይላካል፤ ዘመድ ከዘመድ ይነጋገራል፤ የታጨውም ካዺማ ይባላል። በዚህ ልማድ ቃሉን የሚያስረው የቤተሰብ ክብር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ማጨትን የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለማጨት የተለየ ክፍል አላኖረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ማጨት እንደ ጋብቻ የማይፈታ ማሰሪያ አለመሆኑን ነው። ይህን ስንል ግን ቃል መብላት ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ያለ ምክንያት ቃሉን ያፈረሰ ሰው ባልንጀራውን አሳዝኗልና ይቅርታ መጠየቅ፣ የተቀበለውንም መመለስ ይገባዋል። አባቶች ስለ ተማማሉ ብቻ ግን ያልወደደችውን ሰው እንድታገባ ልጅቱን ማስገደድ፣ ወይም ቃሉ ስለ ፈረሰ እንደ ፈት ሴት መቍጠር፣ በክርስትና ትምህርት ሊደገፍ አይችልም። ቃል ይከበር፤ ነገር ግን የቃሉ ባለቤቶች ሁለቱ ተጋቢዎች መሆናቸው አይረሳ።