ወንፊቱ ላይ የቀረው፦ ማመሳከሪያ ደለልና የ63 ማይክሮሜትር ልማድ

በወንዝና በሐይቅ ደለል ውስጥ በጥቂቱ ስለሚገኙ ብረቶች የተጻፈ ጥናት ስናነብ፣ በአሠራር ክፍሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው ናሙናው በ63 ማይክሮሜትር ወንፊት መነፋቱን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ልኬቱ በማመሳከሪያ ደለል መረጋገጡን። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ አይተዋወቁም። ይህን ነጥብ ያነሣ ጸሐፊ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ንባቤ ሙሉ ነው አልልም።

ማመሳከሪያ ደለል በዓይነት ሞልቷል። የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የባሕር ደለሎች፣ የቻይና የጅረት ደለሎች፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሐይቅ ደለል፣ እያንዳንዳቸው የታወቀ ታሪክ አላቸው። ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ የአሜሪካው የሥነ ልክ ተቋም ኒስት 8704 የሚል ቁጥር ሰጥቶ ከሚያቀርበው የቡፋሎ ወንዝ ደለል፣ ይልቁንም ከአጠቃቀሙ ጋር ነው።

ተጠቃሚው ከጠርሙሱ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ላይ የሚያነበው ሰንጠረዡን ነው። ስለ አዘገጃጀቱ የተጻፈውን አንቀጽ ይዘለዋል። እዚያ አንቀጽ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። በኒው ዮርክ ግዛት ከቡፋሎ ወንዝ ግርጌ፣ በኦሃዮ ጎዳና ድልድይ አካባቢ የተዛቀው ደለል በቅዝቃዜ ከደረቀ በኋላ ተነፋ። የ150 ማይክሮሜትሩን ወንፊት አልፎ የ38 ማይክሮሜትሩ ላይ የቀረው ብቻ ተወሰደና በጨረር ከተሕዋስያን ጸድቶ፣ ተደባልቆ ታሸገ። ከ38 በታች የላመው ወደ ጠርሙሱ አልገባም ማለት ነው። ቤታችን ዱቄት ሲነፋ የላመው ይወርዳል፣ ግርዱ ይቀራል፤ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከሁለቱም አይደለም፣ መሐል ላይ የቀረው ነው። ብረቶች በብዛት የሚጣበቁበት የሸክላ ማዕድን ደግሞ በአብዛኛው ከላመው ጋር ነው የሚሄደው።

የ63 ማይክሮሜትሩን ልማድ ያጸኑት ኡልሪክ ፎርስትነርና ቪም ሳሎሞንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ምክንያታቸውን አራት አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ብረቶች በሸክላና በደቃቅ አሸዋ ላይ ያድራሉ ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ከማዕድን ማውጫ የወረደ ቅንጣት ባለበት ወንዝ ግን አይሠራም። ይህ ክፍል በውሃው ከሚንሳፈፈው ጋር ይቀራረባል ይላሉ፤ እቀበላለሁ። መንፋት ብረቶቹን ከቦታቸው አያንቀሳቅስም ይላሉ፤ በዚያው ወንዝ ውሃ እየታጠበ ከተነፋ እሺ፣ ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው የሚነፋው ደለሉን አድርቆ ነው። አራተኛው ሌሎች ብዙ ጥናቶች በዚሁ ልክ ስለተሠሩ ለማነጻጸር ይመቻል የሚል ነው። ይህ ማስረጃ ሳይሆን ልማድ ነው። ከአራቱ ሁሉ ዕድሜ ያገኘው ደግሞ እርሱ ይመስለኛል።

«ደለሉ በአሲድ ከሟሟ የቅንጣቱ መጠን ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖራል። ሁሉም ከሟሟ ምንም አያገባውም። ግን ማን ነው ሁሉንም የሚያሟሟው? ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አደገኛ ስለሆነ ብዙ ቤተ ሙከራ አይደፍረውም፤ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያፈላል፣ ሲሊኬቱን ግን ሳይነካ ያልፈዋል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን የመሰለ የእሳተ ገሞራ መስታወት ያለበት ደለል ሲገጥም ነገሩ ይብሳል። ኒስት ራሱ ለሳን ዋኪን አፈር (2709) ያወጣው ተጨማሪ ሰንጠረዥ ይህንኑ ያሳያል። ጠቅላላው ክሮሚየም በግራም 130 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በእንዲህ ያለው ለስላሳ ማፍላት ከየቤተ ሙከራው የተገኘው ውጤት መካከለኛ ዋጋው 79 ነው፤ ከመቶ 61 መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘዴ ሠርቶ ለክሮሚየም ከመቶ 98 አገኘሁ የሚል ሰንጠረዥ ሳይ፣ ከመደሰት ይልቅ እጠራጠራለሁ።

ሌላው የተረሳ ሥራ የኢንጋሜልስና የስዊዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፦ የተመዘነው ክብደት ከስሕተቱ ካሬ ጋር ሲባዛ ቋሚ ቁጥር ይሆናል። በ250 ሚሊግራም ስሕተቱ ከመቶ 1 የነበረ ዱቄት በ100 ሚሊግራም ከመቶ 1.6 ገደማ፣ በ10 ሚሊግራም ከመቶ 5 ይደርሳል። አንዲት የክሮማይት ቅንጣት መግባት አለመግባቷ ብቻ ይህን ታደርጋለች። ሰርተፍኬቱ ላይ ትንሹ የሚመዘን ክብደት የሚጻፈው ለዚህ ሆኖ ሳለ፣ ጠርሙሱ ውድ ስለሆነ ይቆጠባል። ቁጠባው ከስሕተት ዝርዝሩ ውስጥ አይቆጠርም።

በምሠራበት ቤተ ሙከራ የራሳችንን ማመሳከሪያ ለማዘጋጀት ከሐይቅ ዳር ደለል አምጥተን ነበር። በምድጃ ደርቆ ሲወጣ እንደ ጡብ ጠንክሯል። ባልደረባዬ በሙቀጫ መታ መታ አድርጎ ነፋው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ወደ ባልዲ ሊደፋ ሲል ያዝኩት። አንዱን ጓል አንስቼ ውሃ ጠብ አደረግሁበትና በጣቴ አሸሁት፤ አሸዋ የለውም፣ እንደ ቅቤ ሟሟ። ልንጥለው የነበረው የምንፈልገው ሸክላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየታጠበ ነው የሚነፋው። ከልዩ ልዩ ጠርሙሶችም እየደጋገምን እንመዝናለን፤ በጠርሙሶቹ መካከል ያለው ልዩነት በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ካለው ካልበለጠ እንቀበለዋለን። በውጤት ሰንጠረዣችን ላይም ከማመሳከሪያው ስም ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ የጠርሙሱ ወንፊት ስንት፣ የናሙናችን ስንት።