ሞቷል ወይስ ደክሞታል?

እስቲ ከአንድ የስፓኒሽ ግስ ጋር እንተዋወቅ፦ «ሬሱሲታር»። ከሞት መነሣት ማለት ነው። ማስነሣትም ማለት ነው። ክርስቶስ ተነሣ ለማለትም፣ አልዓዛርን አስነሣው ለማለትም ስፔኖች ይህንኑ ግስ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1569 ባዝል ላይ የታተመው የሬይና መጽሐፍ ቅዱስም የጌታን ትንሣኤ በዚሁ ግስ ይነግረናል።

ጣጣው የመጣው ግሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው። በ1605 የሴርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» ታተመ። ባለታሪኩ የጀብዱ መጻሕፍት ያሳበዱት ምስኪን ባላባት ነው። ተወለድኩ የሚለው ያለፈውን ወርቃማ ዘመን ለመመለስ ነው። ደራሲው እዚህ ቦታ ላይ የመረጠለት ግስ የቱ ይመስላችኋል? «ሬሱሲታር»! በከሲታ ፈረስ የሚዞር ሰው የፋሲካን ቃል ለራሱ ወሰደ።

እንግዲህ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። «ሬሰሲቴት» ከአንድ የላቲን እናት የተወለደ እህቱ ነው፤ ዛሬ ግን ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። «ሪዘሬክት» ደግሞ በሴርቫንቴስ ዘመን ገና አልነበረም። ስሙ «ሪዘሬክሽን» ጥንትም ነበር፤ ግሱ ግን ከስሙ ተቆርጦ የወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚያው ዘመን እንግሊዞች ሬሳ ከመቃብር ሰርቀው ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚሸጡ ሌቦችን «የትንሣኤ ሰዎች» እያሉ ያሽሟጥጡ ነበር። ቃሉ ክብሩን ይዞ አልቆየም ማለት ነው።

ቀረ «ሪቫይቭ»። ጆን ኦርምስቢ በ1885 ባሳተመው ትርጉም ይህንን መረጠ። ለጆሮ ይጥማል፣ ስሕተትም አይደለም። ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። «ሪቫይቭ» ራሱን ስቶ ለወደቀም ይሆናል፤ ውኃ ረጭተህ ታነቃዋለህ። «ሬሱሲታር» ግን መጀመሪያ ሞቱን ያምናል። ዶን ኪኾቴ እብድ ቢሆንም ወርቃማው ዘመን መሞቱን አልካደም፤ እብደቱ እኔ አስነሣዋለሁ ማለቱ ላይ ነው።

ይህ የተርጓሚዎች ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። እኛም አገር «ህዳሴ» እና «ትንሣኤ» በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ እንሰማለን። የሚታደሰው ያረጀ ነው፤ የሚነሣው የሞተ ነው። የጥንቱን ክብር እንመልሳለን የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ ደክሞታል ነው የምትለን ወይስ ሞቷል?