የመገናኛ ሬድዮ ለንግድ ድርጅት (ሻአሪያ፣ ፔታህ ቲክቫ)

የመገናኛ ሬድዮ፣ በተለምዶ ዎኪ ቶኪ፣ አንድ ቁልፍ በመጫን ከብዙ ሠራተኞች ጋር ባንድ ጊዜ ለመነጋገር የሚያስችል መሣሪያ ነው። በሻአሪያና በአካባቢው ለሚሠራ የጥበቃ፣ የጽዳት ወይም የግንባታ ድርጅት ከስልክ ይልቅ ይፈጥናል፤ መደወልም ሆነ መልስ መጠበቅ የለም።

ምርጫው የሚጀምረው ከሥራው ቦታ ነው። ቪኤችኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ) በገላጣ ሜዳና በእርሻ ይሻላል። ዩኤችኤፍ (ከ300 እስከ 3000 ሜጋኸርዝ) በሕንፃዎች መካከልና ውስጥ ይበልጥ ስለሚሠራ፣ ፎቅ በበዛበት ከተማ ተመራጩ እሱ ነው። ሻጮች በማሸጊያው ላይ የሚጽፉት ርቀት ምንም መሰናክል በሌለበት የተለካ ስለሆነ ሊታመን አይገባም። ከመግዛት በፊት መሣሪያውን ተከራይቶ ወይም ተውሶ በምድር ቤትና በደረጃ ላይ መሞከር ይበጃል። ከሞገድ ምርጫ ሌላ የሬድዮውም ሥርዓት ይታያል፤ ዲኤምአር የተባለው ዲጂታል ሥርዓት በአንድ 12.5 ኪሎኸርዝ መስመር ሁለት ንግግሮችን በተለያየ የጊዜ ክፍል ያስተናግዳል።

በእስራኤል ሞገድ የሚመድበውና ፈቃድ የሚሰጠው የመገናኛ ሚኒስቴር ነው፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ1972 በአዲስ ቅጂ የወጣው የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ድንጋጌ ነው። በአሜሪካ ለቤተሰብ የሚሸጡ፣ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ሬድዮዎች የተዘጋጁት ለዚያ አገር ሕግ ነው፤ የዚያ አገር ፈቃድ እዚህ አያገለግልም። ከዘመድ በስጦታ የመጣም ቢሆን፣ ከመጠቀም በፊት ሚኒስቴሩን መጠየቅ ግድ ነው፤ ያልተፈቀደ ሞገድ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ንግግር ሊያውክ ይችላልና።