ማይክሮስቶክ

ማይክሮስቶክ ፎቶግራፎችን፣ ሥዕሎችንና ቪዲዮዎችን በኢንተርኔት በኩል በዝቅተኛ ዋጋ ለብዙ ተጠቃሚዎች የማቅረብ ንግድ ነው። የሚሸጠው ፎቶው ራሱ ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱ ነው። የቅጂ መብቱ በፎቶ አንሺው እጅ ስለሚቆይ አንድ ፎቶ ለሺህ ገዢ ደጋግሞ ሊሸጥ ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፎቶ ክምችት ንግድ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። ከናዚ ጀርመን የሸሸው ኦቶ ቤትማን በ1936 ኒው ዮርክ ውስጥ ያቋቋመው ክምችት ከታወቁት አንዱ ነው። ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት ጋዜጦችና የማስታወቂያ ድርጅቶች ለአንድ ፎቶ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ በሩ የሚከፈተውም ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ነበር። ይህን የለወጠው በ2000 ብሩስ ሊቪንግስተን በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ የመሠረተው አይስቶክፎቶ ነው። መጀመሪያ ፎቶ በነፃ የሚለዋወጡበት መድረክ ነበር፤ ቆይቶ በሳንቲም መሸጥ ጀመረ። በ2006 የፎቶ ክምችት ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2003 ደግሞ ጆን ኦሪንገር ራሱ ባነሳቸው 30,000 ያህል ፎቶዎች ሸተርስቶክን ከፈተ፤ ደንበኞቹም በየወሩ እየከፈሉ ፎቶ የሚያወርዱበትን አሠራር አስፋፋ።

ለፎቶ አንሺው የሚደርሰው ድርሻ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። አዶቤ ስቶክ ከፎቶ ሽያጭ 33 በመቶ ይከፍላል። ሸተርስቶክ በ2020 ባወጣው ደንብ ድርሻው ከ15 እስከ 40 በመቶ ሲሆን፣ ፎቶ አንሺው የደረሰበት እርከን በየአውሮፓውያኑ ዓመት መጀመሪያ ወደ ታች ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ደክሞ የወጣ ሰው እንደገና ከሥር እንዲጀምር የሚያስገድድ በመሆኑ ይህ ደንብ ፍትሐዊ አይደለም። በዚህ አሠራር አንድ ፎቶ ሲወርድ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ሊያስገኝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ሥራ የሚተዳደሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎችን ያከማቹ ናቸው።

ገዢ የሚፈልገው ውብ ፎቶ ብቻ አይደለም። ፎቶውን የሚያገኘው በቁልፍ ቃላት ፈልጎ ነው፤ በትክክል ያልተሰየመ ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ተቀብሮ ይቀራል። ፎቶው ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ ደግሞ በግልጽ የሚታየው ሰው የፈቃድ ሰነድ ላይ መፈረም አለበት፤ ለዜና የሚውል ፎቶ ግን ያለዚህ ሰነድ ሊቀርብ ይችላል። ቡና የምታፈላ እናት ፎቶዋ አገር ተሻግሮ የማታውቀውን ዕቃ ሊያስተዋውቅ እንደሚችል በሚገባት ቋንቋ ሳይነገራት የምታኖረው ፊርማ ለድርጅቱ ሊበቃ ይችላል፣ ለኅሊና ግን አይበቃም።

ገቢው ግብርም አለበት። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ፎቶ አንሺ የአሜሪካ ድርጅቶች ከአሜሪካ ገዢዎች ከሚሰበስቡለት ድርሻ ላይ 30 በመቶ ይቀነስበታል።

ከ2022 ወዲህ ንግዱን የሚያናውጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጌቲ በዚያ ዓመት በማሽን የተፈጠሩ ምስሎችን ከገበያው አገደ፤ በ2023 ደግሞ ፎቶዎቼን ያለ ፈቃድ ማሽን ለማሠልጠን ተጠቅሟል ሲል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅቱን ስታቢሊቲ ኤአይን ከሰሰ። ሸተርስቶክ በበኩሉ ከሌላው የዘርፉ ድርጅት ከኦፕንኤአይ ጋር ተዋውሎ ለባለሥራዎቹ የሚከፋፈል ገንዘብ አቋቋመ። ሥራውን ለመጫን የሚያስብ ፎቶ አንሺ እንግዲህ ዋጋውን ከማየቱ በፊት፣ ስለ ማሽን ማሠልጠኛ የሚናገረውን የውሉን አንቀጽ አጥብቆ ያንብብ።